የሕግ ጽሑፍ በግልጽ አማርኛ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ውል፣ የክስ ማመልከቻ፣ ውክልናና ኑዛዜ መጻፍ የዕለት እንጀራዬ ነው። ደንበኞችም ሥራ ጀማሪ ጠበቆችም ደጋግመው የሚጠይቁኝን ከነመልሱ እዚህ አስፍሬዋለሁ። የሕግ ስም ሳልጠራ አንቀጽ ብቻ የጠቀስኩበት ቦታ ሁሉ የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ማለቴ ነው።

ግልጽ አማርኛ ሲባል እንደ ቡና ላይ ጨዋታ ይጻፍ ማለት ነው?

አይደለም። የሚሠራበት ሰው አንድ ጊዜ አንብቦት ማን፣ ምን፣ መቼ እንደሚያደርግ ካወቀ ጽሑፉ ግልጽ ነው። ሰውየው ተከራይ ከሆነ ለተከራይ፣ ዳኛ ከሆነ ለዳኛ ግልጽ መሆን አለበት። ሁለት ባንኮች የሚፈራረሙት የብድር ውልና ጉልት ላይ ሽንኩርት ለምትሸጥ እናት የሚቀርብ የብድር ውል በአንድ ዓይነት አማርኛ ሊጻፉ አይችሉም። ጨዋነቱም አይቀርም፤ «ለተከበረው ፍርድ ቤት» ብሎ መጀመር ማንንም አያደናግርም።

የሕግ አማርኛችን ለምን እንዲህ ከበደ?

ሥሩ ረጅም ነው። ለብዙ ዘመን ሊቃውንት የሚጠቅሱት ፍትሐ ነገሥት በግእዝ ነበር፤ ባለጉዳዩ ሲተረጎምለት ይሰማል እንጂ ገልጦ አያነበውም። ሙግቱ ግን ያኔም በአማርኛ ነበር፤ «በላ ልበልሃ» ተባብለው የሚሟገቱ ሰዎች አደባባይ የሞላው ሕዝብ የሚከተለው አማርኛ ይናገሩ ነበር። የከበደው ጽሑፉ ነው።

ከዚያ በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ በ1952 ዓ.ም. ደግሞ የፍትሐ ብሔርና የንግድ ሕጎች ወጡ። የመጀመሪያውን ያረቀቀው ስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን፣ ሁለተኛውን ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ነበር። የንግዱን ዣን ኤስካራ ጀምሮት ሲሞት አልፍሬድ ዦፍሬ ጨረሰው። ሁሉም የጻፉት በፈረንሳይኛ ነው። የፍትሐ ብሔሩ ብቻ 3,367 አንቀጽ አለው። ተርጓሚዎቹ በአማርኛ ያልነበረ ቃል መውለድ ነበረባቸው፤ «የማይንቀሳቀስ ንብረት» የሚለውን ዛሬ ደላላው ሁሉ ይናገረዋል፤ ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ያልተሳካላቸው የዓረፍተ ነገሩ ቅርጽ ላይ ነው። ፈረንሳይኛው ዋናውን ግስ ቀድሞ ይናገርና ሁኔታውንና ልዩ ሁኔታውን ከኋላ ያስከትላል። አማርኛ ግሱን የሚያስቀምጠው መጨረሻ ላይ ስለሆነ ያ ሁሉ «...የሆነ እንደሆነ» ከፊት ይደረደርና አንባቢው ትንፋሹን ይዞ ግሱን ይጠብቃል።

ይህ የሕጉ ዕዳ ነው። ዛሬ የምንጽፈው የኪራይ ውል ግን እንዲህ ይሁን ያለ ሕግ የለም። ጠበቃ ከቀደመው ጠበቃ ይቀዳል፣ ኮፒ ቤቱ ከሁለቱም ይቀዳል፤ ነገሩ እንዲህ ነው የቀጠለው።

አንድ ነገር ልጨምር። በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ የሚወጣ ሕግ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይታተማል፤ ሁለቱ ሲለያዩ የሚጸናው አማርኛው ነው (አዋጅ ቁጥር 3/1987)። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 106 ለራሱ የአማርኛ ቅጂ የመጨረሻውን ሥልጣን ሰጥቷል። ስለዚህ አማርኛው ካልገባን የምንሸሽበት ሌላ ቅጂ የለም።

ቃሉን ካቀለልኩት ሕጋዊ ኃይሉን አያጣም?

ከሁሉ የሚበዛው ጥያቄ ይህ ነው፤ መልሱም ሁለት ወገን አለው።

መጀመሪያ ሕጉ ራሱ የሚለውን እንይ። በአንቀጽ 1733 መሠረት የውሉ ቃል ግልጽ ከሆነ ፍርድ ቤቱ «ተዋዋዮቹ ያሰቡት ሌላ ነበር» ብሎ ከቃሉ መውጣት አይችልም። ኃይል ያለው ግልጽ ቃል ነው ማለት ነው። በአንቀጽ 1738 ደግሞ ውሉ አጠራጣሪ ሲሆን የሚተረጎመው ግዴታ ለገባው ወገን በሚጠቅም መንገድ ነው፤ አንዱ ወገን አስቀድሞ አዘጋጅቶ ያቀረበው ቅጽ ከሆነም የሚተረጎመው ለሌላኛው ወገን ነው። ቅጹን ያድበሰበሰው ድርጅት ጥርጣሬው በራሱ ላይ ይዞራል።

ሁለተኛው ወገን ላይ ግን ብዙ ጀማሪዎች ይወድቃሉ። መነካት የሌለባቸው ቃላት አሉ። «ቀብድ»ን ውሰዱ። አንድ ሰው «ቀብድ አሮጌ ቃል ነው፣ ሰው እንዲገባው» ብሎ «ቅድሚያ ክፍያ» ብሎ ቢተካው ውሉን ቀየረው። ቀብድ የሰጠ ሰው ሐሳቡን ቢለውጥ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢለውጥ እጥፉን ይመልሳል፤ ይህ በአንቀጽ 1885 አለ። «ቅድሚያ ክፍያ» የሚለው ቃል ይህን አይሸከምም። ስለዚህ ቀብድ ይቆይ፤ ከሥሩ አንድ መስመር ይጨመርለት፦ «ገዢው ቢተወው ይህ 50,000 ብር ይቀርበታል፤ ሻጩ ቢተወው 100,000 ብር ይመልሳል።» ይርጋም (የክስ ማቅረቢያ ጊዜ ገደብ)፣ ዋስትናም፣ መያዣም እንደዚሁ ናቸው። ሕጉ የሰጣቸው ትርጉም ስላለ ቃሉ ይቀመጥና ማብራሪያ ይከተለው።

የሚወጡት ጌጦቹ ናቸው። «ያለ ማንም አስገዳጅነት በሙሉ ፈቃዴ» የሚለውን የማያስገባ ውል አላየሁም። ተገድዶ የፈረመ ሰው ይህንንም መስመር ተገድዶ ነው የፈረመው! «ይህ ውል በፍ/ብ/ሕ/ቁ. 1731፣ 2005 እና 2266 መሠረት በሕግ ፊት የጸና ነው» የሚለውም ያው ነው፤ ሕጉ ቁጥሩን ብንጠራውም ባንጠራውም ይሠራል። አንቀጽ 2266 ስለ ሽያጭ ነው፤ እኔ ግን የቤት ኪራይ ውል ላይ ተጽፎ በዓይኔ አይቻለሁ።

ከጌጥም አልፎ ጣጣ የሚያመጣው ይህ ነው፦ «ውሉን ያፈረሰ ወገን ለውል አክባሪ 20,000 ብር፣ ለመንግሥት 10,000 ብር ከፍሎ ውሉ የጸና ይሆናል።» መንግሥት የዚህ ውል ተዋዋይ አይደለም፤ አሥሩን ሺህ ልቀበል ብሎ የመጣ ሹምም እስካሁን አላጋጠመኝም። ትልቁ ችግር ግን ሌላ ነው። ሰውየው 20,000ውን ከፍሎ መውጣት ይችላል? ወይስ ከፍሎም ውሉን መፈጸም አለበት? «ያፈረሰ» ይላል፣ ወዲያው ደግሞ «የጸና ይሆናል» ይላል። ሁለት ጎረቤታሞች በዚህ መስመር የተነሳ ዓመት ሙሉ ሲካሰሱ አይቻለሁ። የፈለጉት መውጫ ከሆነ «20,000 ብር ከፍሎ ውሉን መተው ይችላል» ብለው ይጻፉ። የፈለጉት ቅጣት ከሆነ «በዘገየበት ለእያንዳንዱ ቀን 200 ብር ይከፍላል፤ ይህን መክፈሉ ቤቱን ከማስረከብ አያድነውም» ይበሉ።

እስቲ አንድ ማመልከቻ ከነእርማቱ ያሳዩን።

የሚከተለውን ራሴ ነኝ የጻፍኩት፤ ፍርድ ቤት ደጃፍ የሚቆም ሰው ግን መቶ ጊዜ አንብቦታል፦

«ተከሳሽ ከከሳሽ ጋር ጥር 5 ቀን 2015 ዓ.ም. ባደረገው የብድር ውል መሠረት ብር 80,000 የተበደረ ሲሆን ይህንኑ ገንዘብ በውሉ በተመለከተው ጊዜ ውስጥ ለመመለስ ግዴታ የገባ ቢሆንም ሕግና ሥርዓትን ወደ ጎን በመተው በማን አለብኝነት በተደጋጋሚ ቢጠየቅም ለመክፈል ፈቃደኛ ባለመሆኑ ለከፍተኛ ጉዳትና እንግልት የዳረገኝ በመሆኑ ተገቢው ዳኝነት ይሰጠኝ ዘንድ በትሕትና አመለክታለሁ።»

አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ዳኛው የሚፈልጋቸው አራት ነገሮች ግን የሉበትም። የመክፈያው ቀን መቼ ነበር? «በተደጋጋሚ» ማለት መቼና እንዴት? «ከፍተኛ ጉዳት» ስንት ብር ነው? «ተገቢው ዳኝነት»ስ ምንድን ነው? ዳኛ ያልተጠየቀውን አይሰጥም። «በማን አለብኝነት» የሚለው ደግሞ ከሳሹን አስተንፍሶት ይሆናል፤ የሚያስረዳው ነገር ግን የለም።

ውሉን ገልጠን፣ ደንበኛውን ጠይቀን እንዲህ አድርገን ብንጽፈውስ፦

«ተከሳሹ ጥር 5 ቀን 2015 ዓ.ም. ከእኔ 80,000 ብር ተበደረ። ሐምሌ 30 ቀን 2015 ዓ.ም. ሊመልስልኝ ፈረመ (ውሉ ተያይዟል)። እስከ ዛሬ ምንም አልከፈለም። መስከረም 12 ቀን 2016 ዓ.ም. በጽሑፍ አስጠንቅቄዋለሁ (ማስጠንቀቂያው ተያይዟል)። ተከሳሹ 80,000 ብር፣ ከማስጠንቀቂያው ቀን ጀምሮ እስኪከፍል ድረስ በዓመት 9 በመቶ ሕጋዊ ወለድ፣ እንዲሁም የክሱን ወጪ እንዲከፍለኝ ይወሰንልኝ።»

እዚህ ጋ ብዙ ሰው «ይሄማ ቀላል ነው፣ ማን ያቅተዋል?» ይላል። ይሞክሩት። ረጅሙን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ቀኑን ማወቅ አያስፈልግም፤ አጭሩን ለመጻፍ ያስፈልጋል። «ሲሆን»፣ «ቢሆንም»፣ «በመሆኑ» እየተቀጣጠሉ የሚሄዱት ብዙውን ጊዜ ጸሐፊው ያላጣራውን ነገር ተሸክመው ነው።

የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ቁጥር 80 አቤቱታ ዋና ዋና ፍሬ ነገሮችን በአጭሩ ይያዝ ይላል፤ ቁጥር 222 ደግሞ የክስ ማመልከቻ የክሱ ምክንያት ምን እንደሆነ፣ መቼና የት እንደተፈጠረ ይግለጽ ይላል። እግረ መንገዴን፣ ብድሩ ከ500 ብር በላይ ከሆነ ማስረጃው ጽሑፍ ወይም በፍርድ ቤት የሚደረግ እምነት ወይም መሐላ ብቻ ነው (አንቀጽ 2472)። «ውሉ ተያይዟል» የምትለዋ ቅንፍ ከሁለት ገጽ ምሬት ትበልጣለች።

አማርኛ ራሱ የሚያሳስትበት ቦታ አለ?

አለ፤ የውጭ መመሪያ እየቀዱ «አጭር ጻፉ» ብቻ የሚሉ ሰዎች ይህን ይስቱታል።

ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «አከራዩ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል» የሚለውን ጮክ ብለው ያንብቡት። አላልተው ሲያነቡት አከራዩ ለተከራዩ ይሰጣል። አጥብቀው ሲያነቡት ለአከራዩ ነው የሚሰጠው። በአፍ ሲነገር ልዩነቱ ጥርት ያለ ነው፤ በወረቀት ላይ ግን ፊደሉ አንድ ነው። ቤት ልቀቅ የሚባለው ሰው ማን እንደሆነ በአንድ ያልተጻፈ ጥብቀት ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው። መፍትሔው ሰጪና ተቀባይን በስም መጥራት ነው፦ «ውሉን ማቋረጥ የፈለገው አከራዩ ከሆነ፣ አከራዩ ለተከራዩ ከሁለት ወር በፊት በጽሑፍ ያስታውቃል።» «አከራዩ» ተደጋገመ ብሎ የሚያፍር ሰው ድርሰት ይጻፍ፤ ውል ላይ መድገም ነውር የለውም።

ሌላው በስም መጨረሻ የሚመጣው «ኡ» ወይም «ው» ነው። «መኪናው» የታወቀው መኪና ነው ወይስ የእሱ መኪና? ሁለቱንም ይሆናል። «ይኸው»፣ «የተጠቀሰው»፣ «እሱም» የሚሉት ሦስት ሰዎች ባሉበት ውል ውስጥ ሲገቡ ማን ማን እንደሆነ ይጠፋል። በክስ ላይ «1ኛ ተከሳሽ፣ 4ኛ ተከሳሽ» እያሉ መሄድም እንደዚያው ነው፤ «ሻጩ»፣ «ደላላው»፣ «ወንድምየው» ቢባል ዳኛው ወደ መጀመሪያው ገጽ እየተመለሰ አይደክምም።

ቀንና ሰዓት። ዓ.ም. ወይስ እ.ኤ.አ. መሆኑ ሳይጻፍ የቀረ ቀን፣ በተለይ አንዱ ተዋዋይ ውጭ አገር ሲኖር፣ የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት ያመጣል። «በ15 ቀን ውስጥ» ሲሉ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ይጻፍ። «እስከ ሰኔ 30» ሲሉ 30ኛው ቀን ይቆጠር እንደሆነ ይጻፍ። ጳጉሜንም አይርሱ፤ በወር የሚከፈል ኪራይ አሥራ ሦስተኛዋን ወር ይጨምር አይጨምር በአንድ መስመር መዝጋት ይቻላል።

«እና/ወይም»ን እኔ ፈጽሞ አልጽፍም። ሁለቱንም ከሆነ «እና»፣ አንዱ ከበቃ «ወይም»።

ኮፒ ቤት ያለውን ፎርማት ብጠቀምስ?

ሰው ይጠቀማል፤ ገንዘብም ይቆጥባል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 ስለተደነገገ ፎርማት ፈላጊው በዝቷል። ጣጣው ቀድሞ የተጠቀመበት ሰው ርዝራዥ ውስጡ መቅረቱ ነው። አንዴ በእጄ የገባ የቤት ኪራይ ውል አንቀጽ ሰባት ላይ «ተሽከርካሪው አደጋ ቢደርስበት» ይል ነበር። እያንዳንዱን መስመር «ይህ የኔን ቤት ይመለከታል?» እያሉ ይለፉት፤ የማይመለከተውን ይሰርዙት። ውሉ አጭር ሆነ ብሎ ማንም አይከስዎትም።

ውጭ አገር ነው የምኖረው። ለወንድሜ «ማንኛውንም ነገር እንዲያደርግልኝ» ብዬ ውክልና ሰጠሁ። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ምን አለ?

ይህ ከዋሽንግተንም ከዱባይም ከቴል አቪቭም የሚመጣ ጥያቄ ነው። ቃሉ ቀላል ነው፤ ግልጽ ግን አይደለም። በአንቀጽ 2204 መሠረት በጠቅላላ ቃል የተሰጠ ውክልና የሚያሠራው የአስተዳደር ሥራን ብቻ ነው፤ ቤት ማከራየት፣ ኪራይ መሰብሰብ፣ ማሳደስ የመሳሰለውን። ቤት መሸጥ ወይም በመያዣ ማስያዝ፣ በስጦታ መስጠት፣ መታረቅ፣ ለግልግል ዳኝነት መስማማት፣ መክሰስና መከሰስ ግን በአንቀጽ 2205 ልዩ ሥልጣን ይፈልጋሉ። «ማንኛውንም» የሚለው ቃል እነዚህን አይከፍትም።

በዚህ የተነሳ የሚሆነውን ልንገርዎ። እርስዎ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ሄደው፣ ተሰልፈው፣ አረጋግጠው ይልካሉ። ወንድምዎ እዚህ ያለውን ሥርዓት ጨርሶ፣ ገዢ ይዞ ውልና ማስረጃ ሲቀርብ «መሸጥ አይልም» ይባላል። ገዢው ይሄዳል። እርስዎ እንደገና ከሥራ ፈቃድ ጠይቀው ይሰለፋሉ።

ስለዚህ ድርጊቱን በስሙ ይጥሩት፦ «በስሜ የተመዘገበውን፣ በ... ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ ...፣ የቤት ቁጥር ... የሆነውን ቤቴን እንዲሸጥ፣ የሽያጭ ውል እንዲፈርም፣ ገንዘቡን እንዲቀበል፣ ስመ ሀብቱን ለገዢ እንዲያዛውር።» ዋጋው ከስንት እንዳያንስ መጻፍ ቢፈልጉም ይችላሉ። እዚህ ላይ ግልጽ መሆን ማለት ማስረዘም ነው። ግልጽነት ማሳጠር ብቻ የሚመስላቸው ሰዎች ከሁሉ በፊት ይህን ቢያዩ ደስ ይለኛል።

ለጓደኛዬ ተያዥ ሆኜ ልፈርም ነው። ወረቀቱ ላይ «በአንድነትና በነጠላ ኃላፊ ነኝ» ይላል። ምን ማለት ነው?

ተራ ዋስ ቢሆኑ «መጀመሪያ ባለዕዳውን ጠይቁት፣ ንብረቱን ሽጡት» ማለት ይችሉ ነበር። ይህች ሐረግ ያንን በር ትዘጋዋለች፤ ገንዘብ ጠያቂው ጓደኛዎን ሳይነካ እርስዎን ብቻ ሊከስ ይችላል (አንቀጽ 1933)። በጎ ወረቀት ቢሆን ኖሮ እንዲህ ይል ነበር፦ «ጓደኛዬ ባይከፍል፣ እሱን ሳትከሱ እኔን ልትከሱኝ ትችላላችሁ። ከእኔ የምትጠይቁት ከ300,000 ብር አይበልጥም።»

ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር የግድ ነው። በአንቀጽ 1922 ዋስትና በግምት አይቆምም፣ ዋሱ የሚጠየቅበት የገንዘብ ልክም በውሉ ካልተጻፈ ውጤት የለውም። ልኩ ባዶ ቦታ ሆኖ «ኋላ ይሞላል» ከተባሉ እስክሪብቶውን ያስቀምጡ።

ዐቃቤ ሕግና ዳኞችስ? እኛ ብቻ ነን እንዴ የምንታረመው?

የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 112 ክሱ ተከሳሹ የምን ነገር መልስ እንደሚሰጥ በትክክል እንዲያውቅ ተደርጎ ይጻፍ ይላል። ያው ቁጥር ደግሞ አገላለጹ በተቻለ መጠን የሕጉን ቃል ይከተል ይላል። ሁለቱ እርስ በርስ የሚጎተቱት እዚህ ነው። «በ1996 ዓ.ም. የወጣውን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 32(1)(ሀ) እና 665 በመተላለፍ» ተብሎ ይጀመርና ሕዝቡ «ሌብነት» የሚለው ነገር ከብዙ መስመር በኋላ ይመጣል። ዳኛው ክሱን ካነበበ በኋላ እንዲያስረዳ ቁጥር 129 ያዝዛል፤ ማንበብ ብቻውን ማስረዳት እንዳልሆነ ሕጉን የጻፉት ያውቁ ነበር። በሕገ መንግሥቱም የችሎቱን ቋንቋ የማይረዳ ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ ይቆምለታል (አንቀጽ 20(7))። አማርኛ አፉን የፈታበት ሆኖ ክሱ ያልገባው ሰውስ?

ፍርዶችን በተመለከተ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 182 ጭብጡን፣ ውሳኔውንና ምክንያቱን ይፈልጋል። ችሎት ቆመው የወጡ ሰዎች «መዝገቡ ተዘግቷል፣ ወደ መዝገብ ቤት ይመለስ» የሚለውን ሰምተው «አሸነፍኩ ወይስ ተሸነፍኩ?» ብለው ሲጠይቁኝ ስንት ጊዜ ነው! እኔ ብሆን ውሳኔውን መጀመሪያው ገጽ ላይ በሦስት መስመር አስቀምጬ የግራ ቀኙን ክርክር ከዚያ እቀጥል ነበር። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት አምስትና ከዚያ በላይ ዳኞች ሆኖ የሚሰጠው የሕግ ትርጉም ከአዋጅ ቁጥር 454/1997 ወዲህ የሥር ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል፤ እዚያ የሚጻፍ አንድ የተወላገደ ዓረፍተ ነገር አገር ሙሉ ይዞራል።

ለፍትሐዊነት ይህን ልበል፦ የአንድ ዳኛ ጠረጴዛ ላይ ያለውን የመዝገብ ክምር ያየ ሰው አጭር ለመጻፍ ጊዜ እንደሚያንስ ይገባዋል።

ደንበኛዬ አጭር ውል ሲያይ ገንዘቡ የባከነ ይመስለዋል። ምን ልበለው?

እውነቱን። አንድ ነጋዴ ሁለት ገጽ ውል ሰጥቼው ገጾቹን ገለባብጦ «ይሄ ብቻ ነው?» ብሎኛል፤ ፊቱ ላይ ቅሬታ ነበር። «እስቲ ያንብቡትና ያልገባዎትን ያሳዩኝ» አልኩት። አነበበው። ከዚያ «ሦስተኛው ላይ ዕቃው ቢዘገይ ያልከው ግን እኔ እንዲህ አልተስማማሁም» አለ። አሥራ ሁለት ገጽ ቢሆን ኖሮ ያን ቀን ሳያነበው ይፈርም ነበር። በአንቀጽ 2005 የተፈረመ ጽሑፍ በፈራሚዎቹ መካከል ሙሉ ማስረጃ ነው፤ «ሳላነበው ነው» ብሎ ማምለጥ ከባድ ነው።

ሌላ አገር እንዴት አደረጉት?

እንግሊዝ በ1999 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ ባዋለችው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ደንብ ለከሳሽ ይጠቀሙበት የነበረውን ያረጀ ቃል ሰው በሚረዳው ቀየረች። አሜሪካ በ2010 እ.ኤ.አ.፣ ኒውዚላንድ በ2022 እ.ኤ.አ. የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለሕዝብ የሚጽፉት ግልጽ እንዲሆን የሚያዝ ሕግ አወጡ። በ2023 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለግልጽ ቋንቋ ዓለም አቀፍ ደረጃ ወጣለት፣ ቁጥሩ አይኤስኦ 24495-1 ነው።

እኛን የሚነካን ሌላ ነገር አለ። ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ምክንያት የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ቅጾችን ወደ አማርኛ ያስተረጉማሉ። ለዚህ ሥራ የምትቀጠሩ ተርጓሚዎች፣ እንግሊዝኛው ሲያሻማ «ምን ማለታችሁ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የ1952 ተርጓሚዎች ያን ዕድል ቢያገኙ ምን ያህል አንቀጽ በቀለለን።

ከመፈረሜ በፊት በምን ልፈትሸው?

ሕግ ለማያውቅ ሰው ጮክ ብለው ያንብቡለት። «ገባህ?» አይበሉት፤ ሰው ይሉኝታ ስላለው «አዎ» ይላል። «በዚህ ወረቀት መሠረት አንተ ምን ታደርጋለህ? ካላደረግህስ ምን ይደርስብሃል?» ብለው ይጠይቁት። ከተሳሳተ የተሳሳተው ጽሑፉ ነው።

የኑዛዜ ሕጉ ይህን ፍተሻ ግዴታ አድርጎታል፤ በአንቀጽ 881 በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ካልተነበበ አይጸናም። አንድ ጊዜ ለአንዲት እናት ያረቀቅሁትን ኑዛዜ፣ ምስክሮቹ ሳይመጡ በፊት አነበብኩላቸው። «ታናሹ ልጄ ቤቱን ይውረስ» የሚለው ጋ ስደርስ እጃቸውን አነሱ።

«የማንን ቤት ነው ያልከው ልጄ?»

«ቤቱን ነዋ እማማ፣ ይሄን ቤት።»

«ቤቱንማ ራሱ ሠርቷል፣ ሰሚት። እኔ የምሰጠው የእኔን ነው።»

ሰርዤ «በስሜ የተመዘገበውን፣ አሁን የምኖርበትን ቤቴን» ብዬ ጻፍኩ፣ እንደገናም አነበብኩላቸው። «እንዲህ ነዋ» አሉና ምስክሮቹን ጥሩልኝ አሉ።